ግዝት ያለበት ነዳጅ

ጃትሮፋ የሚባል ተክል አንድ ጊዜ እኛ አገር በእንግድነት መጥቶ ነበር። ሐምሌ ላይ ተተከለ፤ ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲወርድ ሳይሰናበተን ሄደ። እንግዳ ካልተመቸው ምን ይደረጋል?

ነገሩ የሆነው የሚሊኒየሙ በዓል ባለፈ በዓመቱ፣ በ2001 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ስብሰባ በተጠራን ቁጥር የምንሰማው «ከተክል ዘይት ንጹሕ ነዳጅ እናመርታለን» የሚል ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ተክሉ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ሙቀት አግኝቶ ያፈራ ነበር ይላሉ። ኮታ ግን ደጋና ቆላ አይለይም። እኛ ከሞላሌ ወጣ ብለን ያለን፣ ከገብስና ከበግ ሌላ ብዙ ነገር የማይቀናን የመንዝ ሰዎች፣ በየቤታችን አርባ አርባ ችግኝ ደረሰን።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ስለደረስኩና ጽሕፈቴ ስለሚነበብ የልማት ቡድኑ ቆጣሪ ነበርኩ። ኅዳር ላይ ዞሬ ስቆጥር በሕይወት ያለ አንድም አጣሁ። «ዘጠና ሦስት በመቶ ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ። ዘጠና ሦስት ያልኩት ጎረቤት ቀበሌ ዘጠና ሁለት ብሎ ስለነበር ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፤ ግን የሚቀጥለውን አገር ሁሉ አይቶታል።

አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ትዕዛዙ ወፍጮ ቤት አለው። ሞተሩን የገዛው ሁለት በሬ ሸጦ፣ ሚስቱ ጥሩሸዋ ከአባቷ የወረሰችውን መሬት ደግሞ ለሦስት ዓመት አከራይታ ነው። ትዕዛዙ ሞተሩን «እሱ» እያለ ነው የሚጠራው። «ዛሬ እሱ ትንሽ አስነጠሰው»፣ «እሱ ብርድ አይወድም» ይላል። እኔ መጀመሪያ ላይ ስለ አማቱ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ነጋዴ ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ሸጦለት የሞተሩ ፖምፓ ተበላሽቶ ነበር። ሦስት ወር ወፍጮው ቆመ። ሴቶቻችን እህል ተሸክመው ሞላሌ ድረስ ሲመላለሱ፣ ትዕዛዙም ከሞተሩ ዝምታ ጋራ ሲከሳ አየነው። የተረፈው ወይፈን ተሸጦ ለጥገና ሄደ። ስለዚህ ጥሩሸዋ ሁለተኛ ጊዜ የሚሸጥ ነገር እንደሌላት ታውቃለች። ሞተሩ ከሞተ ቤቱም አብሮ ይሞታል።

ታዲያ ናፍጣ በበርሜል ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ያለ ደብዳቤ ማደያው በበርሜል አይቀዳም። በየስድስት ወሩ የሚታደሰው የትዕዛዙ ደብዳቤ የካቲት ላይ ጊዜው አለፈ። ሊያሳድስ ሲመላለስ ሰንብቶ አንድ ቀን የወረዳው የኢነርጂ ባለሙያ ይታየው በእግሩ ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጣ። ይታየው ጥሩ ልጅ ነው፤ ገና ከኮሌጅ መውጣቱ ስለሆነ የተባለውን ሁሉ ያምናል።

«አቶ ትዕዛዙ፣ ደብዳቤዎ ተጽፏል። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ! ማነው ፈራሚው?»

«የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ። መጋቢት አሥራ ስድስት ራሳቸው እዚህ ይመጣሉ።»

«ለኔ ፊርማ ሲሉ?»

«ለጃትሮፋው። የእርስዎ ሞተር በጃትሮፋ ነዳጅ ሲሠራ ያያሉ፤ እዚያው ይፈርማሉ።»

«የቱ ጃትሮፋ? ሞተ እኮ!»

«ዘጠና ሦስት በመቶ ጸድቋል የሚል ሪፖርት አለን።»

ትዕዛዙ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የወፍጮ ቤቱን ጣሪያ አየሁ። አንዲት ቆርቆሮ ሚስማሯ ላልቶ ነበር።

ይታየውም እውነቱን ሲሰማ ግማሽ ሰዓት ያህል እህል ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ብድግ አለ። የጸደቀ ተክል ፍሬ ይሰጣል፤ ፍሬውም ዘይት፣ ዘይቱም ነዳጅ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ለበላይ አካል ተገልጿል፤ ስለዚህ ወደኋላ መመለስ አይቻልም አለ። «እዚህ ዘይት ያለው ምን ይበቅላል?»

«ጎመንዘር» አለች ጥሩሸዋ ከበር ላይ ሆና።

«ዘይት ዘይት ነው» አለ ይታየው።

ጎመንዘር ከየጓሮው አንዳንድ ጣሳ ተዋጣ። ጥሩሸዋ ቆላችው፣ እዚያው ወፍጮ ላይ አስፈጨችው፣ በፈላ ውሃ እያሸች ዘይቱን ከላይ ገፈፈች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እጇ ቢጫ ሆኖ ከረመ። ከወጣው ዘይት አሥር ሊትር ያህሉን ይታየው ወሰደ፤ የተረፈውን ጥቂት «ለድካሜ» ብላ ጓዳ አስቀመጠች።

ይታየው መመሪያ ነበረው፤ ሃያ አራት ገጽ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። እንደሚለው ከሆነ የተክል ዘይት እንዲሁ ነዳጅ አይሆንም፤ አልኮልና ካስቲክ ሶዳ ይገባበታል። ሶዳውን ከመሥሪያ ቤቱ አመጣ። አልኮሉን ግን ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ አጣው።

«አልኮል የለም?» አለ ትዕዛዙ ተገርሞ። «እዚህ አገር ላይ ቆመህ ነው አልኮል የለም የምትል?»

አመተሥላሴ የገብስ አረቄ ታወጣለች። ዳግም የተባለው፣ ሁለት ጊዜ የወጣው አረቄዋ በክብሪት ሲነካ በሰማያዊ እሳት ይነድዳል። ይታየው ይህን ሲያይ «አልኮል አልኮል ነው» አለ። ጥራቱን የሚመረምር ሰው ሲፈለግ እኔ ተመደብኩ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ ነበር የምመረምረው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ኃላፊነቴን ቸል አላልኩም።

አመተሥላሴ ጠርሙሶቹን ስታስረክብ አንገቷን ነቀነቀች። «ሰው ጠጥቶ የሚያደርገውን አይቻለሁ። ሞተር ሲሰክር ማን ሊይዘው ነው?»

ዘይቱ፣ አረቄውና ሶዳው ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ተለውሶ እሳት ላይ ተጣደ። በመመሪያው መሠረት ድብልቁ አድሮ ሁለት ላይ ይከፈላል፤ ከላይ ነዳጅ፣ ከታች ዝቃጭ። የኛው ግን አንድነቱን ጠብቆ አደረ። እንደ አጥሚት ወፈረ። ይታየው በማንኪያ እያነሳ «ይብላላል፤ ጊዜ ስጡት» ይላል። በመጨረሻም ቢጫ ጀሪካን ውስጥ በመከራ አስገብቶ በትልቁ «ጃትሮፋ» ብሎ ጻፈበትና ኃላፊውን ሊቀበል ወደ ሞላሌ ሄደ።

በማግሥቱ ጥሩሸዋ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«አያ ገሠሠ! እጅህን አምጣ እስቲ።»

ነዳጁን ያማሰሉበትን ዱላ ልታጥብ ይዛለች። ከዱላው ላይ ጭቅቅቱን ጠርጋ መዳፌ ላይ አደረገችና ውሃ ጠብ አደረገችበት። «እሸው» አለችኝ። አሸሁት። አረፋው እስከ ክርኔ ወጣ። ታጥቤ ስጨርስ እጄ ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንደዚያ ነጽቶ አያውቅም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ።

«ሳሙና ነው።»

«ትዕዛዙ ነዳጅ ነው ይለኛል።»

ምክንያቱን ያወቅሁት ኋላ ነው። አንድ የኬሚስትሪ መምህር እንደነገረኝ አረቄ ምንም ቢጠነክር ውሃ አለበት፤ ውሃ ባለበት ዘይትና ሶዳ ሲገናኙ ነዳጁ ይቀርና ሳሙና ይሆናል። ያን ቀን ግን የሚያስረዳን ስላልነበረ በአረፋው ብቻ አመንን።

ጥሩሸዋ ባሏን ያዘችው። «ይሄ ነገር እሱ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ ትዕዛዙ። «ያንቀዋል። ካልጨመርኩ ግን ፊርማ የለም፤ ፊርማ ከሌለ ናፍጣ የለም፤ ናፍጣ ከሌለ ደግሞ ቆሞ ይዝጋል።»

«እና?»

«እናማ ታንቆ ይሙት ወይስ ተርቦ ይሙት ነው የምትይኝ። እስቲ አንቺ ምረጪ።»

እሷም አልመረጠችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ወልደ ጻድቅ ሄደች። መምሬ ስለ ነዳጅ ምንም አያውቁም። ግን የደብሩ ሁለት ኩንታል የፋሲካ እህል ወረፋ ላይ እንደነበር ያውቃሉ። ወዲያው መቋሚያቸውን ይዘው መጡና ትዕዛዙን በሞተሩ ፊት አቁመው፣ «በዚህ ጀሪካን ያለውን ነገር በማናቸውም ሞተር ሆድ ውስጥ በእጅህ እንዳታፈስ፣ በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቼሃለሁ» አሉት።

በእኛ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። የተገዘተ ሰው ያንን ነገር ከሚያደርግ እጁን ቢያጣ ይመርጣል። ትዕዛዙ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ማሳበቢያ አገኘ።

ደስታው እስከ መጋቢት አሥራ ስድስት ጠዋት ቆየ። ይታየው ሲመጣ ነገሩን ነገሩት።

«ግዝቱ እርስዎን ነው?» አለ ይታየው ጥቂት አሰብ አድርጎ።

«እኔን።»

«እኔን ግን መምሬ አልገዘቱኝም። እኔ አፈሳለሁ።»

ትዕዛዙ ወደ ሚስቱ ዞረ። ጥሩሸዋ ወለሉን እየጠረገች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። እኔ ይህች ሴት ልቧ ድንጋይ ነው እንዴ አልኩ።

ወደ አምስት ሰዓት ላይ የመንግሥት መኪና አቧራውን እየነዛ ደረሰ። ኃላፊው ሰፊ ሰው ናቸው፤ ሲወርዱ መኪናው ከፍ አለ። ከጎናቸው ሹፌሩ ፈንታ፣ ቀጭን፣ ሁሉን ነገር በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚያይ ዓይነት ሰው፣ በሩን ዘግቶ ቆመ። እህል የያዙ ሴቶች በረድፍ ቆመዋል። ግማሾቹ ለወፍጮ፣ ግማሾቹ ለጭብጨባ የተጠሩ ናቸው።

ይታየው ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ከግድግዳው ሥር ጎን ለጎን አገኘ። አንደኛው ላይ «ጃትሮፋ» ተጽፏል። ጽሕፈቱ ከትናንት በስቲያው ይልቅ ትንሽ ጠመም ያለ መሰለኝ። ይታየው አንሥቶ ሲያፈስ ጉርጉር እያለ እንደ ውሃ ወረደ።

«ቀጥኗል! ተብላልቷል አላልኳችሁም?» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ትዕዛዙ ዓይኑን ጨፍኖ እጀታውን አዞረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ሞተሩ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ሳበና ተነሣ። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተወጠረ፣ ድንጋዩ ዞረ፣ ዱቄት ወረደ። ትዕዛዙ አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ ቀጥሎ ሌላውን።

ጥሩሸዋ አጠገቤ መጥታ ቆማ ነበር። ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፣ «ለድካሜ ያልኩት ዘይት ነው። ውሃው እስኪተን አፈላሁት፣ በአሮጌ ነጠላ አራት ጊዜ አጠለልኩት፣ ከበርሜሉ ሥር የተረፈውን ናፍጣ ጨመርኩበት፣ ጽሕፈቱንም ከዚያኛው ጀሪካን ፍቄ እዚህኛው ላይ ጻፍኩ» አለችኝ።

«አረቄውስ?»

«ላንተ ትቼው።»

ያን ጊዜ ከሞተሩ ጭስ ጋራ ሽታው መጣ። ጎመንዘር የተቀባ ትኩስ ቂጣ የሚወጣበት ቤት ይመስል ነበር። ቀኑ ረቡዕ፣ ጾሙ ሁዳዴ፣ ሰዓቱ ገና አምስት ተኩል ነው። ረድፉ ተንቀሳቀሰ።

«ኧረ መምሬ፣ ይሄ ነገር አያስገድፈንም?» አለች አንዷ።

«ማሽተት አይገድፍም» አሉ መምሬ ወልደ ጻድቅ። «ግን አፍንጫችሁን እንዲህ አታርዝሙት!»

ኃላፊውም ሳብ አድርገው አሸተቱ። «ጃትሮፋ ማለት ይሄ ነው? ደስ ይላል። የጎመንዘር ዓይነት ጠረን አለው።»

«የቅርብ ዘመድ ነው ጌታዬ» አለ ይታየው።

ንግግር ተደረገ። ኃላፊው ሁለት ጊዜ «ፈር ቀዳጅ» አሉ። ጉብታው ላይ ወጥተው፣ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነውና፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግተው ለበላያቸው የምሥራቹን ተናገሩ። ሲመለሱ ትዕዛዙ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቃቸው። ኃላፊው አነበቡትና ሳቁ።

«ናፍጣ? አንተ ከናፍጣ ነጻ ወጥተሃል እኮ ወንድሜ! በራስህ ነዳጅ የሚሠራ ወፍጮ ይዘህ የምን የናፍጣ ደብዳቤ? ይሄማ ይሰረዛል።» ደብዳቤውን ለሁለት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ለጭብጨባ የተጠራ ሰው መቼ ማጨብጨብ እንደሌለበት አይነገረውም። ትዕዛዙ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። የጥሩሸዋ ዘይት ለአንድ ቀን ያህል ነው፤ የአገሩ ጎመንዘር ቢታለብ ሳምንት አያስኬድም። ሞተሩ ሞቱን አምልጦ ረሃቡ ላይ ወደቀ። ጥሩሸዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ያን ሁሉ ብልሃት አስባ ይቺን አላሰበችም ነበር።

ኃላፊው ግን ገና አልጨረሱም። ዓይናቸው ሁለተኛው ቢጫ ጀሪካን ላይ አረፈ።

«ይሄስ?»

ይታየው ከፍቶ አየ። ላቡ ግንባሩ ላይ ብቅ አለ። «ይሄ... ይሄ የተጠናከረው ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያው በመኪናችን ይሞከራል! ነዳጁን ገበሬው ሲያምነው እኛ እንዳናምን? አቶ ትዕዛዙ፣ ቅዳ።»

«አልችልም ጌታዬ» አለ ትዕዛዙ። «ግዝት አለብኝ። በማናቸውም ሞተር ነው የተገዘትኩት።»

«ግዝት?»

«የገዘትኩት እኔ ነኝ» አሉ መምሬ። «ባይቀዳ ይሻላል ልጄ። እርስዎም ባይቀዱ ይሻላል።»

«ጌታዬ፣ ለመኪና አይሆንም፤ ለልብስ ነው የሚሆነው» አለች ጥሩሸዋም።

ኃላፊው ይታየውን አዩት። ይታየው ምድርን አየ። «አያችሁ?» አሉ ኃላፊው ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ከናፍጣ ነጻ ወጥተን ከኋላቀር አስተሳሰብ ግን ገና ነን!» ኮታቸውን አውልቀው ለፈንታ ሰጥተው ጀሪካኑን ራሳቸው አነሡ። ድብልቁ ፀሐይ ሲመታው ቆይቶ ስለላላ እያዘገመ ገባ። ፈንታ በዚያች በአንድ ዓይኑ ጀሪካኑን፣ ቀጥሎ ጥሩሸዋን አየና መሪውን ያዘ። ሹፌር ነው፤ ሲነዱት ይነዳል።

እኛም አልተበተንም። ዳገቱ ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ይታያል። መኪናው የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ሳል ጀመረው። ነጭ ጭስ ለቀቀ፣ ተንገፈገፈ፣ ቆመ።

«ይኸው ሰከረ» አለች አመተሥላሴ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኃላፊው በእግራቸው ተመለሱ። ፈንታ ፊልትሮውን በእጁ ይዞ ከኋላ ይከተላል፤ ሲጨምቀው አረፋ ይወጣዋል።

«ታንከሩ ታጥቦ በንጹሕ ናፍጣ ካልተሞላ አይንቀሳቀስም» አለ ፈንታ።

«ናፍጣ አምጡ እንጂ ታዲያ!» አሉ ኃላፊው።

ሁላችንም ትዕዛዙን አየነው። ትዕዛዙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ናፍጣ የለኝም ጌታዬ። ነገ ማለዳ በአውቶቡስ በርሜሌን ጭኜ ሄጄ ማምጣት እችል ነበር። ግን ያለ ደብዳቤ በበርሜል አይቀዱልኝም። ደብዳቤዬም ተሰርዟል።»

ፈንታ ፊልትሮውን አንድ ጊዜ ደግሞ ጨመቀው።

«ለበላይዎ ይደውሉላቸዋ» አልኩ እኔ በቅንነት። «ጉብታው ያው እዚያ ነው።»

ኃላፊው ጉብታውን አዩት። ከሦስት ሰዓት በፊት እዚያ ላይ ቆመው ምን እንደተናገሩ ትዝ ያላቸው ይመስለኛል። ከዚያ ቀስ ብለው ኪሳቸው ገቡ። ለሁለት የታጠፈውን ደብዳቤ አወጡ፣ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አቃኑት፣ ፈረሙ። ማኅተሙም ከቦርሳቸው ወጣ፤ ቢሮ ትተውት ከሄዱ ምክትላቸው ይመታበታል ብለው ይዘውት ነው የሚዞሩት። ከፊርማው በላይ በእጃቸው አንድ መስመር ጨመሩበት። «ለጃትሮፋ ነዳጅ ማነጻጸሪያ እንዲሆን በየወሩ አንድ በርሜል ናፍጣ ይቀዳ፤ እስኪለወጥ ድረስ የጸና ነው» ይላል። በየስድስት ወሩ ማሳደስ ቀረ ማለት ነው።

ትዕዛዙ ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደ ሞተሩ ሄደና አንዴ መታ መታ አደረገው። የሆነ ነገር ነገረው፤ አልሰማሁም። ይታየው በበኩሉ አንድ ጥግ ይዞ ሪፖርት ይጽፍ ነበር። መኪናው የቆመው «በመንገዱ አስቸጋሪነት» እንደሆነ በትከሻው ላይ አሻግሬ አነበብኩ። ልጁ እየተማረ ነው።

የዕለቱ የጾም ሰዓት ስላለፈ ለእንግዳው ማዕድ ቀረበ። ጥሩሸዋ ማንቆርቆሪያ ይዛ የኃላፊውን እጅ ልታስታጥብ ጎንበስ አለች። እጃቸው በቅባትና በአቧራ ጠቁሯል። ከጣሳ ቆንጥራ መዳፋቸው ላይ አደረገችና ውሃ ጠብ አደረገችበት። አሹት፤ አረፋው ሸሚዛቸው እጅጌ ድረስ ወጣ። ሲያለቀልቁት እጃቸው ወለል ብሎ ነጻ። ኃላፊው ገልብጠው ገልብጠው አዩት።

«ግሩም ሳሙና ነው! ከየት አመጣችሁት?»

«ጃትሮፋ ነው ጌታዬ» አለች ጥሩሸዋ። «የተጠናከረው።»